«ወደዚህ ተዛውረናል» ለጎግል እንዴት ይባላል? የሪዳይሬክት መመሪያ ለአዲስ ድረ ገጽ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት መፍረስ ስትጀምር፣ የማውቃቸው ባለሱቆች በራቸው ላይ ወረቀት ለጥፈው ነው የወጡት። «ወደ እንትን ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ተዛውረናል» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የቆየ ደንበኛ ይመጣል፣ ያነባል፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ሳይለጥፉ የሄዱም ነበሩ። እነሱ አዲሱ ቦታ ላይ ደንበኛ ፍለጋ ከዜሮ ጀመሩ።

ሪዳይሬክት ማለት ያቺ ወረቀት ናት። ሰው ወይም የጎግል ሮቦት የድሮውን አድራሻ ሲያንኳኳ፣ ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ «እዚህ የለም፣ እዚያ ነው» ብሎ በራሱ ያደርሰዋል።

እኔ አራት ኪሎና ፒያሳ መሃል ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ድረ ገጽ እሠራለሁ። «አዲስ ዌብሳይት አሠርቼ ጎግል ላይ ጭራሽ ጠፋሁ» እያለ የሚመጣ ሰው አላጣም። ብዙውን ጊዜ አዲሱ ድረ ገጽ ምንም አልሆነም። የድሮው በር ላይ ግን ወረቀት የለጠፈ የለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንግባባ። ሪዳይሬክት ዝና አይፈጥርም። ያለውን ዝና ያዛውራል። ከዚህ በፊት ድረ ገጽ ኖሯችሁ የማያውቅ ከሆነ የሚዛወር ነገር የላችሁም፤ ለእናንተ የሚጠቅመው «አንድ በር መምረጥ» የሚለው ክፍል ብቻ ነው። የድሮ ድረ ገጽ፣ የድሮ ዶሜይን (የድረ ገጽ መጠሪያ ስም) ወይም የድሮ ብሎግ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ቁጥሮቹ

ሰርቨሩ ሪዳይሬክት ሲያደርግ የዝውውሩን ዓይነት የሚናገር ቁጥር አብሮ ይልካል። 301 «ላይመለስ ተዛውረናል» ማለት ነው። 302 ደግሞ በር ላይ የሚንጠለጠለው «መጣሁ» ነው። ባለቤቱ ምሳ ወጥቷል፣ ሱቁ ግን እዚያው ነው። ጎግል ሁለቱንም ይከተላል። የሚለያዩት በፍለጋ ውጤት ላይ የትኛው አድራሻ ይታይ በሚለው ነው። 301 ሲያይ አዲሱ አድራሻ ዋናው መሆኑን እንደ ጠንካራ ምልክት ይወስደዋል። በ302 ጊዜ ምልክቱ ደካማ ስለሆነ የድሮውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። 308 የ301 ወንድም ነው፣ 307 የ302። ፎርም በሚላክበት ጊዜ የመላኪያው ዘዴ እንዳይቀየር ይጠብቃሉ። ለተራ ዝውውር 301 ይበቃችኋል።

«ሪዳይሬክት ካደረግኩ ራንኬ ይቀንሳል» የሚለው ፍርሃት የቆየ ነው። የጎግሉ ጋሪ ኢሊየስ እ.ኤ.አ. በ2016 በ30 የሚጀምሩት ሪዳይሬክቶች ፔጅራንክን፣ ማለትም ጎግል በሊንኮች መሠረት ለገጽ የሚሰጠውን ክብደት፣ እንደማያስቀንሱ በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ በዚህ ሰበብ አትዘግዩ። በጃቫስክሪፕት የሚደረግ ሪዳይሬክትም አለ፤ እሱ የሚሠራው ጎግል ገጹን ከፍቶ ኮዱን ካስኬደው በኋላ ነው። በሰርቨር በኩል መንገድ ካላችሁ እሱን ተዉት።

መጀመሪያ፣ የድሮ አድራሻዎችን መልቀም

ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ብዙ ዝውውር የሚበላሸው እዚህ ነው። የድሮውን ድረ ገጽ ከማጥፋታችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በዝርዝር ያዙ። ከየት ይገኛል? ከድሮው ሳይትማፕ ጀምሩ፤ የድረ ገጹን አድራሻዎች የሚዘረዝር ፋይል ነው። ቀጥሎ ጎግል ሰርች ኮንሶል ግቡ፤ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው ነፃ መሣሪያ ነው። የ16 ወር የፍለጋ መረጃ ይዟል፤ ሰው የትኛውን ገጽ ጠቅ አድርጎ እንደገባ ያሳያችኋል። እዚያው ውስጥ የሊንክ ሪፖርት አለ። ሌሎች ድረ ገጾች ወደ የትኛው ገጻችሁ እንደሚጠቁሙ ከሱ ታያላችሁ። እነዚህ ወርቅ ናቸው፣ አንዱም መጥፋት የለበትም።

ድሮ ድረ ገጹን የሠራው ልጅ አድራሻው ከጠፋ፣ ሰርች ኮንሶልም ካልተከፈተ፣ ዌይባክ ማሽን የሚባለውን የኢንተርኔት መዝገብ ሞክሩ። የዶሜይናችሁን ስም ስትሰጡት ያስቀረውን የቆየ ገጽ ያወጣላችኋል። ሁሉንም ላያገኝ ይችላል፤ ባዶ እጅ ከመሆን ግን ይሻላል።

ሁለት አምድ ያለው ሰንጠረዥ

ኤክሴል ወይም ጎግል ሺት ክፈቱ። በግራ የድሮ አድራሻ፣ በቀኝ አዲስ አድራሻ። እያንዳንዱን የድሮ ገጽ ይዘቱ ከሚቀርበው አዲስ ገጽ ጋር አጋጥሙ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ችግሩ ሰው ይሰለቸውና አቋራጭ ይፈልጋል።

እኔም ፈልጌያለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት ድረ ገጻቸውን እንዳድስ ሰጡኝ። የድሮውን ገጽ ሁሉ ሰብስቤ ወደ አዲሱ መነሻ ገጽ መራሁት። በአንድ መስመር ተገላገልኩ። ሳምንታት አለፉና ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስልኩ እኮ ዝም አለ!» አሉኝ። ድሮ «የጥምቀት ልብስ»፣ «የሙሽራ ካባ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በቀጥታ የልብሱ ገጽ ላይ ያርፍ ነበር። አሁን ያ ገጽ ከጎግል ወጥቷል።

ለምን ቢባል፣ ጎግል ከድሮው ገጽ ይዘት ጋር ወደማይገናኝ ገጽ የሚመራ ሪዳይሬክትን እንደ ሪዳይሬክት ላይቆጥረው ይችላል። «ሶፍት 404» ሊለው ይችላል፤ 404 «ገጹ የለም» የሚል ቁጥር ነው። እኔ ያደረግኩት ሰባ ደረጃ የት ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው «አዲስ አበባ ውስጥ ነው» ብሎ እንደመመለስ ነበር። ስህተት አይደለም፤ ግን ማንን ይጠቅማል?

የጥምቀት ልብስ ገጽ ወደ አዲሱ የጥምቀት ልብስ ገጽ ይሂድ። ልብሱ ካለቀና ተመሳሳይ ገጽ ከሌለ፣ ወደ ሀበሻ ልብስ ምድቡ ይሂድ። እሱም ከሌለ ተዉት፣ 404 ይበል። ለዘለዓለም መጥፋቱን መግለጽ ከፈለጋችሁ 410 ስጡት። የሞተን ገጽ መቅበር ነውር የለውም።

የአማርኛ አድራሻ ጣጣ

ይህን በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ውስጥ ብዙም አታገኙትም። አድራሻችሁ በፊደላችን የተጻፈ ከሆነ ሁለት ወጥመድ ይጠብቃችኋል።

አንደኛው ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። የድሮው ገጽ «ሠርግ-ልብስ» ይላል እንበል። አዲሱን የሠራው ሰው ደግሞ «ሰርግ-ልብስ» ብሎ ጻፈው። ለእኛ አንድ ነው። ለሰርቨሩ ግን ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት አድራሻዎች ናቸው። ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓመትና አመት፣ ሕክምናና ህክምና እንደዚያው ናቸው። ሰንጠረዡን በቃል ወይም በጆሮ አትሙሉ። የድሮውን አድራሻ ከብሮውዘሩ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉት።

ሁለተኛው ኮድ ነው። ብሮውዘር ለዓይናችን አማርኛ ቢያሳየንም፣ በመስመር የሚያልፈው በፐርሰንት ምልክት የተቆራረጠ ኮድ ነው። አንዱ ፊደላችን በኮምፒውተር ሦስት ባይት ስለሚይዝ በዚህ አጻጻፍ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ሰርግ» የምትለው ሦስት ፊደል 27 ምልክት ትሆናለች። አንዳንድ መሣሪያ አማርኛውን እንዳለ ይቀበላል፣ አንዳንዱ በኮድ የተጻፈውን ብቻ ይፈልጋል። በአንድ ገጽ ሞክራችሁ ሳታዩ መቶውን በአንዴ አትጫኑ።

በላቲን ፊደል ለጻፋችሁትም ያው ነው። ቀሚስን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። የድሮው እንዴት እንደተጻፈ እዩ እንጂ አትገምቱ።

አንድ በር መምረጥ

ድረ ገጻችሁ ሳታውቁት አራት በር አለው። በኤችቲቲፒ፣ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው መንገድ)፣ ሁለቱም ደግሞ ከነሦስቱ ደብሊው እና ያለሱ። አራቱም በየራሳቸው የሚከፈቱ ከሆነ ጎግል አራት ቅጂ ያያል፤ የቱ ዋናው እንደሆነም በራሱ ይመርጣል። እናንተ ምረጡለት። ኤችቲቲፒኤስ ይሁን፤ ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ እንደ ደረጃ መስጫ ምልክት ይቆጥረዋል፣ ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም። ሦስቱ ደብሊው ይኑር አይኑር የእናንተ ምርጫ ነው። ዋናው አንዱን መርጦ ሦስቱን በ301 ወደሱ መምራት ነው። ለጀማሪ ድረ ገጽ ከዚህ የሚቀድም የሪዳይሬክት ሥራ የለም።

ወረቀቱን መለጠፍ

ድረ ገጻችሁ የተሠራው በዎርድፕሬስ ከሆነ «ሪዳይሬክሽን» የሚባለውን ነፃ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ጫኑ። የድሮውን አድራሻ በአንዱ ሳጥን፣ አዲሱን በሌላው ታስገባላችሁ፣ አለቀ። ዎርድፕሬስ ራሱ የአንድን ጽሑፍ አድራሻ ስትቀይሩ የድሮውን ያስታውሳል። ይህ ግን ለጽሑፎች እንጂ «ስለ እኛ» እና «አገልግሎታችን» ለሚሉት ቋሚ ገጾች አይሠራም። ብዙ ሰው «ራሱ ያደርገዋል» ብሎ የሚሸወደው እዚህ ነው።

ሆስቲንጋችሁ፣ ማለትም ድረ ገጻችሁን ያስቀመጣችሁበት አገልግሎት፣ ሲፓነል የሚባለው መቆጣጠሪያ ካለው «ሪዳይሬክትስ» የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። ዓይነቱን ቋሚ፣ ማለትም 301 አድርጉ። ዶሜይኑን ምረጡ፣ መድረሻውን ጻፉ። ከታች «ዋይልድ ካርድ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ ስትመረጥ ከድሮው ዶሜይን በኋላ ያለው የአድራሻ ቅጥያ እንዳለ ወደ አዲሱ ይሻገራል። የገጾቻችሁ ስም ካልተቀየረ፣ የተቀየረው ዶሜይኑ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከነጥብ ኮም ወደ ነጥብ ኢቲ ከሄዳችሁ፣ ይቺ ሳጥን የሳምንት ሥራ ታስቀርላችኋለች። ስሞቹም ከተቀየሩ ግን ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ።

አፓቼ ሰርቨር የሚነኩ ሰዎች ሪዳይሬክት የሚጻፍበትን፣ ኤችቲአክሰስ የሚባለውን ፋይል ያውቁታል። ከመንካታችሁ በፊት ኮፒውን አስቀምጡ። አንድ ነጥብ ተሳስቶ ድረ ገጹ በሙሉ የሚጠፋበት ፋይል ነው።

አሁን ደግሞ የሚረሳው ነገር። የድሮው ዶሜይን የደህንነት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። «ከእንግዲህ ባዶ ነው፣ ምን ያደርግለታል» ትሉ ይሆናል። ግን ሰው የድሮውን አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ ሲከፍት፣ ብሮውዘሩ ሰርተፊኬቱን የሚያየው ከሪዳይሬክቱ በፊት ነው። ካጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ደንበኛው ይደነግጣል፣ ወረቀታችሁንም ሳያነብ ይመለሳል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ሰርተፊኬቱን በነፃ ይሰጣል።

መሞከር

ብሮውዘር 301ን አይረሳም። አንዴ በተሳሳተ አድራሻ ከላካችሁት፣ ብታስተካክሉትም እሱ የድሮውን ይዞ ሊሟገት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በ302 ሞክሩት። መድረሻው ልክ መሆኑን ካያችሁ በኋላ ወደ 301 ቀይሩት። ስትሞክሩ በኢንኮግኒቶ መስኮት ይሁን።

የምታጣሩት ሦስት ነገር ነው። ቁጥሩ 301 ነው ወይ? መድረሻው ትክክለኛው ገጽ ነው ወይ? በአንድ ዝላይ ይደርሳል ወይ? ቁጥሩን ለማየት ክሮም ላይ የዴቨሎፐር መሣሪያውን ከፍታችሁ «ኔትወርክ» የሚለውን ተመልከቱ።

ሦስተኛው ጥያቄ ንቀት አይወድም። የድሮው አድራሻ ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ከዚያ ወደ ሦስቱ ደብሊው፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ዶሜይን፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ገጽ ሊዘል ይችላል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመድረስ በሜክሲኮ ዞሮ ሦስት ታክሲ መያዝ ማለት ነው። የጎግል ሮቦት እስከ 10 ዝላይ ይከተላል። ምክሩ ግን ከ3 እንዳይበልጥ ነው፣ ግድ ከሆነም ከ5 በታች። በስልክ ዳታ የሚገባ ደንበኛ ግን የጎግልን ያህል ትዕግሥት የለውም። የመጀመሪያው አድራሻ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይምራ። ዘንድሮ ደግሞ ድረ ገጹን ካዛወራችሁ፣ የአምናዎቹን ሪዳይሬክቶችም ከፍታችሁ መድረሻቸውን አድሱ።

ብሮውዘሩ «ብዙ ጊዜ ሪዳይሬክት ተደረገ» ብሎ ካኮረፈ እየዞራችሁ ነው። ሀ ወደ ለ ይልካል፣ ለ መልሶ ወደ ሀ። ክላውድፍሌር የሚባለውን፣ በጎብኚውና በሰርቨራችሁ መሃል የሚቆመውን አገልግሎት የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ የኤስኤስኤል (የምስጠራ) ቅንብሩን እዩ። «ፍሌክሲብል» ላይ ከሆነ ክላውድፍሌር ሰርቨራችሁን በኤችቲቲፒ ያናግረዋል። ሰርቨራችሁ ደግሞ «በኤችቲቲፒኤስ ና» ይላል። እንዲህ ሲመላለሱ ይኖራሉ። «ፉል» ላይ አድርጉት፤ በእርግጥ ሰርቨሩ ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል።

ቤቱን ከውስጥ ማስተካከል

ሪዳይሬክት ለውጭ ሰው ነው። በራሳችሁ ሜኑና ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሊንኮች በቀጥታ አዲሱን አድራሻ ይጥሩ። የካኖኒካል ምልክቱም፣ ማለትም ገጹ ውስጥ ሆኖ ለጎግል «ዋናው አድራሻ ይህ ነው» የሚለው፣ አዲሱን ይጥቀስ። እኔ ያየሁት አንድ ድረ ገጽ በ301 ወደ አዲሱ ይልካል፣ አዲሱ ገጽ ላይ ያለው ካኖኒካል ደግሞ «ዋናው የድሮው ነው» ይላል። ጎግል ማንን ይመን? ሳይትማፑ ውስጥም አዲሶቹ አድራሻዎች ብቻ ይኑሩ።

«የድሮው እንዳይታይ» ብላችሁ የድሮውን ዶሜይን በሮቦትስ ፋይል፣ ማለትም ሮቦቶች የት እንዳይገቡ በሚነግረው ፋይል፣ አትዝጉ። ሮቦቱ ካልገባ ሪዳይሬክቱን አያየውም። ወረቀቱን ለጥፎ መንገዱን መዝጋት ነው የሚሆነው።

እግረ መንገዴን ስለ ሁለት ቋንቋ ድረ ገጾች ላንሳ። አማርኛና እንግሊዝኛ ያላቸው አንዳንዶች ጎብኚው ያለበትን አገር እያዩ ወደ አንዱ ቋንቋ በግድ ይመሩታል። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያየው ያምራል። የጎግል ሮቦት ግን በአብዛኛው ከአሜሪካ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ እንግሊዝኛው ይጣላል፣ አማርኛውንም ላያየው ይችላል። ከዚያ «አማርኛ ገጻችን ለምን አይወጣም» ይባላል። የቋንቋ መምረጫ ቁልፍ አስቀምጡና ሰውም ሮቦትም በፈለገው ይግባ።

ለጎግል በይፋ ማሳወቅ

ዶሜይን ከቀየራችሁ የድሮውንም አዲሱንም በአንድ አካውንት ሰርች ኮንሶል ላይ አረጋግጡ። በድሮው ቅንብር ውስጥ «የአድራሻ ለውጥ» የሚል መሣሪያ አለ። መጀመሪያ 301ዎቹ መሥራታቸውን ያያል፣ ከዚያ ይቀበላችኋል። ይህ ለዶሜይን ለውጥ ብቻ ነው። ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ስትሄዱ ወይም እዚያው ዶሜይን ውስጥ ገጽ ስታዛውሩ አያስፈልግም። አዲሱን ሳይትማፕ አስገቡና ጠብቁ። መካከለኛ መጠን ያለው ድረ ገጽ አብዛኛው ገጹ እስኪዛወር ጥቂት ሳምንት ይፈጃል። በመሃል ደረጃው ቢወዛወዝ አትደንግጡ። በየሁለት ሦስት ቀኑ የገጾች ሪፖርቱን ክፈቱና አዲስ 404 ካለ ወደ ሰንጠረዡ ጨምሩት።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የለጠፋችኋቸውን ሊንኮች ሪዳይሬክቱ ይሸከማቸዋል። ፕሮፋይል ላይ ያለውን ግን በእጃችሁ ቀይሩት። የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ላይ ያለውንም እንዲሁ። ሱቃችሁም ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስቶ ከሆነ፣ እዚያው ገብታችሁ የካርታ አድራሻውን አስተካክሉ። ድረ ገጹ በትክክል መርቶት ሰውየው የፈረሰ ሕንፃ ጋ ቢቆም ዋጋ የለውም።

የሰው ዶሜይን ስለመግዛት

«ባለቤቱ የጣለውን የቆየ ዶሜይን ግዛና ወደ አዲሱ ሪዳይሬክት አድርገው፣ በአንድ ቀን ትወጣለህ» የሚል ምክር በየቴሌግራሙ ይዞራል። ጎግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው የስፓም ፖሊሲ፣ ጊዜው ያለፈ ዶሜይን ገዝቶ በድሮ ስሙ ደረጃ ለማግኘት መጠቀምን በስም ጠቅሶ ከልክሏል። የዘጋ ክሊኒክ ዶሜይን ገዝቶ ጫማ መሸጫ ላይ ማስደገፍ ማለት ነው። የተፎካካሪያችሁን ሱቅ በሕጋዊ መንገድ ገዝታችሁ ዶሜይኑም አብሮ ከመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥራው አንድ ስለሆነ ገጽ በገጽ አዛውሩት።

እስከ መቼ?

ጎግል ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሪዳይሬክቱን አቆዩ ይላል። እኔ ከዚያም በላይ አቆያለሁ፤ በየዓመቱ የድሮውን ዶሜይን ማደስ ከሚያስከፍለው ይልቅ መልቀቁ ያስፈራኛል። የለቀቃችሁትን ዶሜይን ሌላ ሰው ይገዛዋል። የድሮ ሊንኮቻችሁ ሁሉ ወደሱ ይሄዳሉ። ከዓመት በኋላ የሰርቨሩን ሎግ (የጎብኚ መዝገብ) ክፈቱና በድሮው አድራሻ ስንት ሰው እንደገባ ቁጠሩ። አሁንም የሚመጣ ካለ ለሚቀጥለውም ዓመት ክፈሉ። ክፍያው በዶላር ካርድ ከሆነ ደግሞ የማለቂያ ቀኑን ከአንድ ወር በፊት ስልካችሁ ካላንደር ላይ መዝግቡት፤ ካርድ የሚሞላላችሁን ሰው ለማግኘት ራሱ ቀን ይወስዳል።